ቶልስቶይ የገበሬ ልጆች መምህር

ሌዎ ቶልስቶይ የሚለው ስም ሲጠራ ከአንባቢዎቻችን የሚበዙት ጦርነትና ሰላም፥ አና ካሬኒና፥ ትንሣኤ የተባሉትን ታላላቅ መጻሕፍት ያስታውሳሉ። ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደውን፥ የገበሬ እጀ ጠባብ ለብሶ በመታጠቂያ ወገቡን ያሰረውን የሽምግልናውን ሥዕል ያላየም ጥቂት ነው። ዛሬ ልናወሳ ያሰብነው ግን ፀጉሩ ገና ሳይሸብት የሠራውን ሌላ ሥራ ነው። ይኸውም በርስቱ ላይ ለገበሬዎች ልጆች ትምህርት ቤት ከፍቶ፥ ሕፃን ያነበበው ነገር ወደ ልቡ የሚገባው በምን መንገድ እንደሆነ፥ ስላነበበውም የራሱን ሐሳብ መናገር የሚጀምረው መቼ እንደሆነ ለማወቅ የደከመበት ታሪክ ነው። ልጆቻችን ንባቡን እንደ ውሃ ያፈሱታል፤ ምን አነበብህ ሲባሉ ግን መሬት መሬት ያያሉ የሚለው ወቀሳ ከመምህራንም ከወላጆችም አፍ ስለማይጠፋ፥ ይህን ታሪክ ማንሣቱ ይጠቅማል ብለን አሰብን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቶልስቶይ የተወለደው በሩሲያ፥ አባቶቻችን መስኮብ ይሏት በነበረችው ሀገር፥ ከሞስኮ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቱላ ከተማ አጠገብ በሚገኘው ያስናያ ፖሊያና በተባለው የቤተ ሰቡ ርስት ላይ፥ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1828 ዓ.ም. ነው። ወገኑ ከታላላቆቹ መኳንንት ነበር። እናቱ የሞተችው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው፤ አባቱንም በ1837 ዓ.ም. አጣ። ያሳደጉት አክስቶቹ ናቸው። በ1844 ዓ.ም. ካዛን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ነገር ግን ትምህርቱን ሳይፈጽም በ1847 ዓ.ም. ትቶ ወደ ርስቱ ተመለሰ። መምህራን በቃል አጥኑ የሚሉትን ማጥናት የማይሆንለት፥ በገዛ እጁ መርጦ ያገኘውን መጽሐፍ ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚያነብ ተማሪ እንደነበረ የሕይወቱን ታሪክ የጻፉ ሁሉ ይስማሙበታል። ይህ ጠባዩ ኋላ አስተማሪ በሆነ ጊዜ ብዙ ነገር ይገልጽልናል።

በዚያን ጊዜ የሩሲያ ገበሬ ገባር ነበር። ከመሬቱ ጋር ይሸጣል፤ ከመሬቱ ጋር ይወረሳል። ልጁ ፊደል ቢማር የሚማረው ከአንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ወይም ከተሰናበተ አሮጌ ወታደር ዘንድ ነው። የፊደሎቹን ጥንታዊ ስሞች እየጮኸ ያጠናል፤ ከዚያ የሰዓታቱን መጽሐፍ፥ ከዚያም መዝሙረ ዳዊትን ይቀጥላል። መጻሕፍቱ የተጻፉት በቤተ ክርስቲያን ስላቮን ቋንቋ ስለሆነ ልጁ ከሚያነበው የሚገባው ጥቂቱ ብቻ ነው። ይህ ሥርዓት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከፊደል ተነሥቶ ዳዊት እስኪደግም ድረስ በግዕዝ ሲያነብ የቆየ፥ ትርጓሜውን ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ያገኘ ወይም ከነጭራሹ ያላገኘ ሰው በሀገራችን ሞልቷል። የኛ ሊቃውንት ንባቡን ከትርጓሜው ለይተው በየደረጃው አስቀመጡት እንጂ ትርጓሜውን አልተዉትም፤ ችግሩ ከብዙዎቹ ተማሪዎች መካከል እዚያ ደረጃ የሚደርሰው ጥቂቱ መሆኑ ነው።

ቶልስቶይ በ1849 ዓ.ም.፥ ገና በሃያ አንድ ዓመቱ፥ ለገባሮቹ ልጆች ትንሽ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር፤ ግን አልዘለቀበትም። ከዚያ ወደ ካውካስ ሄደ፤ ወታደር ሆነ፤ በ1852 ዓ.ም. ልጅነት የተባለውን የመጀመሪያ ታሪኩን አሳትሞ ስሙ ተጠራ፤ በክሪሚያም ጦርነት ሴባስቶፖል ላይ ተዋጋ። ስሙ ገንኖ፥ የፒተርስቡርግ ደራሲዎች ሁሉ በሚያከብሩት ሰዓት፥ ድርሰቱን ተወት አድርጎ በ1859 ዓ.ም. በመጸው ወራት ያስናያ ፖሊያና ላይ ትምህርት ቤቱን እንደገና ከፈተ። ያን ጊዜ ዕድሜው 31 ነው። ወዳጆቹ አዘኑ። እንዲህ ያለ ብዕር የያዘ ሰው ጊዜውን ከባዶ እግር ሕፃናት ጋር ማሳለፉ ለብዙዎቹ እንደ ጥፋት ታያቸው።

መጀመሪያ ገበሬዎቹም አላመኑትም። ጌታ ያለ ዋጋ የሚሰጠው ነገር የለም፤ ልጆቻችንን ሰብስቦ ለጦር ሊሰጣቸው ይሆናል ብለው የሠጉ ነበሩ። ልጆቹ ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ሳይጠሩ ይመጡ ጀመር።

በ1860 ዓ.ም. ወደ ምዕራብ አውሮፓ የተጓዘው የሌላውን ሀገር ትምህርት ቤት ለማየት ነው፤ በሳምባ በሽታ የሚማቅቀውንም ወንድሙን ኒኮላይን ሊያስታምም ነበር። ወንድሙ በዚያው ዓመት በፈረንሳይ ሀገር ሞተበት፤ ቶልስቶይም ኀዘኑን ይዞ ከአገር ወደ አገር፥ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ዞረ። በጀርመን፥ በፈረንሳይ፥ በእንግሊዝና በቤልጅግ ያየው ነገር ከሀገሩ መኳንንት ግምት የተለየ ነበር። እነዚህ ሀገሮች ሕዝባቸውን በትምህርት ቤት አሠለጠኑ ይባል ነበርና።

በማርሴይ የሠራተኞችን ልጆች ትምህርት ቤቶች ጎበኘ። ልጆቹ ትላልቅ ቁጥሮችን በፍጥነት ያባዛሉ፤ ከኑሮ የተወሰደ አንዲት ቀላል የመደመርና የመቀነስ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ግን ይጠፋባቸዋል። የፈረንሳይን ታሪክ ከመጽሐፉ ተራ ሳይወጣ የጠየቃቸው እንደሆነ አንድ ቃል ሳይስቱ ይመልሳሉ። ከመካከል ዘሎ ሲጠይቃቸው ንጉሥ ሄንሪ አራተኛን የገደለው ዩሊየስ ቄሣር ነው የሚል መልስ አገኘ። በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ዘመን ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመት በላይ መሆኑን አንባቢ ያስተውል። ነገር ግን ቶልስቶይ ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ በከተማው ሲዘዋወር ሕዝቡ ንቁና አስተዋይ ሆኖ አገኘው። ይህን ንቃት ከየት አመጣው ብሎ ቢመረምር፥ ከቴያትር፥ ከቡና ቤት ጨዋታ፥ ከጋዜጣ፥ በርካሽ ዋጋ ከሚሸጡት የአሌክሳንድር ዱማ ልብ ወለዶች እንደሆነ ተረዳ። በገዛ ፈቃዱ ያነበበውን ሰው ይከራከርበታል፤ ተገድዶ ያነበበውን ግን ይጥለዋል።

ከጀርመን አስተማሪዎች ዘዴ አንዱን ኋላ በመጽሔቱ ላይ እያሾፈ ተርኮታል። አስተማሪው የዓሣ ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ ለሕፃናቱ ያሳይና ይህ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። ሕፃናቱ ዓሣ ነው ይላሉ። አስተማሪው አይደለም ይላቸዋል። ልጆቹ ይደነግጣሉ፤ ዐይናቸው ዓሣ ያያል፤ አስተማሪያቸው ግን አይደለም ብሏል። አንዱ ሌላ ነገር ይገምታል፤ ሌላው ሌላ ይገምታል። ብዙ ከተጨነቁ በኋላ ነገሩ ዓሣ ሳይሆን የዓሣ ሥዕል መሆኑ ይነገራቸዋል። አስተማሪው ሕፃናቱ እንዲያስቡ አደረግሁ ብሎ ደስ ይለዋል። እንደ ቶልስቶይ አስተያየት ግን ሕፃናቱ በዚያን ሰዓት የሚያስቡት ስለ ዓሣው አይደለም፤ አስተማሪው በልቡ የደበቀው መልስ ምን ይሆን ብለው ነው። እኛም ይህችን ታሪክ ስናነብ ከሣቅን በኋላ ትንሽ ዝም ማለታችን አልቀረም። የዚህ ደራሲ ምክንያቱ ምንድን ነው፥ ከዚህ ታሪክ ምን ትምህርት እናገኛለን እየተባለ በየክፍሉ የሚጠየቀው ጥያቄ ስንት ጊዜ የዓሣው ጥያቄ ሆኖ ይሆን?

በ1861 ዓ.ም. ቶልስቶይ ወደ ሀገሩ ተመለሰ። በዚያው ዓመት በማርች ወር ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንድር ሁለተኛ ገባሮቹን ነጻ ያወጣበት ዐዋጅ ታውጆ ነበር። ቶልስቶይ በአውራጃው በባለ ርስቶችና ነጻ በወጡት ገበሬዎች መካከል የሚያስታርቅ ዳኛ ሆኖ ተሾመ፤ ለገበሬው አደላ ተብሎ መኳንንቱ ጠሉት። በዚህ ሹመት ሳለ በአካባቢው ከአሥር የሚበልጡ ትናንሽ ትምህርት ቤቶች እንዲከፈቱ ረዳ። የያስናያ ፖሊያናውን ግን ራሱ ያስተምርበት ነበር።

ትምህርት ቤቱ በርስቱ ግቢ ውስጥ ያለ ባለ ሁለት ፎቅ የድንጋይ ቤት ነው። ሁለት ክፍል ለትምህርት፥ ሁለት ክፍል ለመምህራን፥ አንድ ክፍል ለመጻሕፍትና ለጥናት ተመድቦ ነበር። በደጃፉ ላይ ገመድ የተንጠለጠለበት ደወል አለ። ጧት በሁለት ሰዓት ደወሉ ይደወላል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከጉሙ መካከል ሕፃናቱ አንድ አንድ፥ ሁለት ሁለት ሆነው ብቅ ይላሉ። በእጃቸው አንዳች ነገር አይዙም። መጽሐፍ የለም፤ ደብተር የለም፤ የቤት ሥራም የለም። ትናንት የተማረውን ዛሬ እንዲያስታውስ የሚገደድ የለም፤ ዘግይቶ የመጣውን የሚገሥጽ የለም። ተማሪው በወንበር ላይ ቢፈልግ በወንበር፥ በመስኮት ደፍ ላይ ቢፈልግ በመስኮት፥ በወለሉም ላይ ቢፈልግ በወለሉ ይቀመጣል። ተማሪዎቹ አርባ ያህል ነበሩ። ዕድሜያቸው ከሰባት እስከ አሥራ ሦስት ሲሆን ሴቶቹ ከሦስት እስከ አምስት ብቻ ናቸው፤ ጥቂት ጐልማሶችም አልፎ አልፎ ይመጡ ነበር። ይህን ሥርዓት አልባ የሚመስል ሥርዓት የሰማ የዛሬ ዲሬክተር እጁን በራሱ ላይ ሳይጭን አይቀርም።

በዚህ ነጻነት መካከል ግን አንድ ነገር እምቢ አለ፤ እሱም ንባብ ነበር። ልጆቹ ፊደል ቶሎ ለዩ፤ ቃል ከቃል መግጠም አወቁ፤ መጽሐፍ ሲሰጣቸው ግን ዐይናቸው ያነባል እንጂ ልባቸው አያነብም። ቶልስቶይ ለሕፃናት ይስማማል ብሎ ሮቢንሰን ክሩሶን አመጣ። አንድ ወር ያህል ታገሉበት። ያነበቡትን ተናገሩ ሲባሉ ስለማይሆንላቸው ከብስጭት የተነሣ ያለቀሱ ልጆች ነበሩ። ቶልስቶይ መጽሐፉን አስቀምጦ በገዛ ቃሉ ሲተርክላቸው ብቻ ታሪኩ ሊገባ የሚችል ነገር መሆኑን ማመን ጀመሩ። የፑሽኪንን አንድ አጭር ታሪክ ሞከረ፤ ለራሱ እጅግ ቀላል የመሰለው ቋንቋ ለልጆቹ ቧልት ሆነባቸው። የሆሜርን ኢልያድ በሩሲያኛ ትርጉም ቢያነብላቸው በሌላ ሀገር ቋንቋ የተጻፈ እስኪመስላቸው ድረስ ግራ ተጋቡ። ሌላ አስተማሪ ቢሆን ልጆቹ ደነዞች ናቸው ብሎ በደመደመ ነበር። ቶልስቶይ ግን ጥፋቱን ከልጆቹ ላይ ከመጫን ይልቅ፥ በተማረው ሰው የጽሕፈት ቋንቋና በሕዝቡ ቋንቋ መካከል ድልድይ የሚሆን መጽሐፍ አለመኖሩን አየ። ይህ አሳብ ከዐሥር ዓመት በኋላ ፍሬ አፍርቷል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ቃል መተርጐምም እንደማያዋጣ ተመለከተ። አስተማሪው አንድ ረቂቅ ቃል ሲያጋጥም በሌላ ረቂቅ ቃል ይተረጉመዋል፤ ሕፃኑም አንድ የማያውቀው ቃል ሁለት ይሆንበታል። ቶልስቶይ ያስተዋለው፥ ልጁ ያንን ቃል ነገሩ በሚገባው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ከሰማው በኋላ ሳይታወቀው የገዛ ራሱ ንብረት አድርጎ በሌላ ቦታ ሲጠቀምበት ነው። እንዲያውም ሁሉም ቃል ሳይገባው ሕፃን ታሪክ እንዲያዳምጥ መተው ጠቃሚ ነው ብሏል።

ከሁሉ ይልቅ የመሰጠን ስለ ጥያቄ የጻፈው ነው። አንድን ልጅ ከጓደኞቹ መካከል አስነሥቶ ያነበብኸውን ንገረኝ ማለት ለቶልስቶይ ትልቅ ሰው ኀይሉን በትንሹ ላይ የሚያሳይበት ሥራ ነበር። ልጁ ፊቱ ይቀላል፤ ይልበዋል፤ ያውቀው የነበረውን ይረሳል፤ ጓደኞቹም ታሪኩን ትተው የሱን ሥቃይ ይመለከታሉ። በዚህ ሰዓት ልጁ የሚገባበትን ሁኔታ የትምህርት ቤት የነፍስ ሁኔታ ብሎ ስም አወጣለት። ይህም ማሰብ፥ ማሰላሰል፥ መፍጠር የሚባሉት ከፍተኛ ችሎታዎች ተኝተው፥ ድምፅ ማውጣትና መቍጠር ብቻ የሚሠሩበት ጊዜ ነው። ብልሁ ልጅ ሞኝ ይመስላል፤ መልስ መሸምደድ የለመደው ደግሞ ብልህ ይመስላል።

ስለዚህ ቶልስቶይ ተራ መጠበቁን ትቶ ሁሉም ባንድ ጊዜ እንዲናገሩ ፈቀደ። የብሉይ ኪዳንን ታሪክ፥ የአብርሃምን፥ የዮሴፍንና የወንድሞቹን በቃሉ ይተርክላቸዋል፤ ሲጨርስ ክፍሉ እንደ ገበያ ይጮኻል። አንዱ የረሳውን ሌላው ይሞላል፤ ያጋነነውን ሦስተኛው ያርማል። ጩኸቱ ሲበዛ መምህሩ ያበርደዋል። ሰንበት ካለ በኋላ ቀድሞ አፉ ይታሰር የነበረው ልጅ ብቻውን ቆሞ በገዛ ቃሉ ሲተርክ ተገኘ። ለሕፃናት ከመጻሕፍት ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስን የሚያህል እንደሌለ የተናገረው ከዚህ የተነሣ ነው።

በ1812 ዓ.ም. ናፖሌዎን ሩሲያን የወረረበትንም ታሪክ ተረከላቸው። ልጆቹ ኩቱዞቭ መቼ ይዋጋል እያሉ ተቁነጠነጡ፤ ሞስኮ ስትለቀቅ ተናደዱ፤ ፈረንሳዮቹ ሲሸሹ ቤቱን በጩኸት ሞሉት። በትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው ጀርመናዊ መምህር ታሪኩ ለአንድ ወገን እጅግ አድልቷል ብሎ ቅር አለው፤ ቶልስቶይም ያ ተረት እንጂ ታሪክ እንዳልነበረ ራሱ አምኗል። ጦርነትና ሰላምን መጻፍ የጀመረው ከዚህ ብዙም ሳይቆይ በ1863 ዓ.ም. ነው።

አንድ የክረምት ማታ በትምህርት ቤቱ የጎጎል አንድ አስፈሪ ታሪክ ሲነበብ አመሸ። ትምህርቱ ሲያልቅ ቶልስቶይ ልጆቹን ሊሸኝ አብሯቸው ወጣ። ጨለማ ነበር፤ በረዶው ለስላሳ ነው። ወደ ቤት ከመሄድ ይልቅ ተኵላ ወዳለበት ጫካ ዞረን እንሂድ ተባለ። ከልጆቹ ሦስቱ ሴምካ፥ ፌድካና ፕሮንካ ነበሩ፤ ሴምካ አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ጠንካራ ልጅ ሲሆን፥ ፌድካ ግን ገና አሥር ዓመቱ ነው። ቶልስቶይ ስለ ካውካስ ሽፍቶችና ስለ ሐጂ ሙራት አወራላቸው። በመካከሉ ፌድካ እጁን ከቶልስቶይ እጅጌ ውስጥ አስገብቶ ሁለት ጣቶቹን ያዘና ሳይለቅ ሄደ። ከሽፍቶቹ ወሬ ወደ ቶልስቶይ አክስት አገዳደል፥ ከዚያም ዘፈን ለምን ይዘፈናል፥ ሥዕል ለምን ይሣላል፥ ዛፍ ለምን ተፈጠረ ወደሚል ነገር ገቡ። ልጆቹ ዛፍ ለቤት ማገር ብቻ እንዳልሆነ፥ ሳይቆረጥም መልካም መሆኑን፥ ከጥቅም በላይ ውበት የሚባል ነገር መኖሩን እርስ በርሳቸው እየተነጋገሩ ደረሱበት። ፕሮንካ የተባለው በሽተኛ ልጅ ብዙ ባይናገርም ነገሩ ከሁሉ በላይ እንደገባው ቶልስቶይ መስክሯል። ስለ ሥነ ጥበብ ምንነት በሊቃውንት መካከል የሚባለው ሁሉ በዚያ በረዶ ላይ ተብሏል ብሎ ያምን ነበር። ይህን ንግግር ማንም በትምህርት መርሐ ግብር አላወጣውም። ከተነበበው ታሪክ የተነሣ ፍርሃት፥ ከፍርሃቱ የተነሣ ጥያቄ መጣ፤ መምህሩም መልሱን ደብቆ አልጠበቃቸውም፤ እሱም መልሱን ይፈልግ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ይበልጥ አስገራሚ ነው። ቶልስቶይ የሩሲያን ምሳሌያዊ አነጋገሮች የያዘ መጽሐፍ ያነብ ነበርና አንዱን መርጦ በዚህ ላይ ታሪክ ጻፉ አላቸው። ምሳሌው በማንኪያው እያጐረሰ በእጀታው ዐይን ስለሚወጋ ደግ አድራጊ የሚናገር ነው። ልጆቹ አንችልም አሉ። አንዱ እስቲ አንተ ጻፍ አለው። ቶልስቶይ ብዕሩን አንሥቶ የመጀመሪያውን ገጽ ጻፈና አነበበላቸው። ልጆቹ አልወደዱትም፤ ከጀርባው ቆመው ያርሙት ጀመር። በሩሲያ ምርጥ ጸሐፊ የተባለው ሰው የገበሬ ልጆች የሚሉትን እየጻፈ ከማታው አንድ ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ተቀመጠ። ፌድካ በታሪኩ ውስጥ ለሚመጣው ሰው የሴት ካፖርት አለበሰው፤ ለምን የሴት እንደሆነ ሲጠየቅ ምክንያት መስጠት አያስፈልገውም፤ ሰውዬው በልቡ ውስጥ እንደዚያ ሆኖ ቆሞ ይታየዋል። በዚህች አንዲት ቃል የዚያ ሰው ድህነትና የቤቱ ሁኔታ ሁሉ እንደተገለጠ ቶልስቶይ እየተደነቀ ጽፏል። የኛ የቅኔ ቤት ሰዎች ይህን ሲሰሙ አዲስ አይሆንባቸውም ይሆናል፤ ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪው የሌላውን ከመድገም አልፎ በየቀኑ የራሱን አዲስ ቅኔ ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀርባልና።

ኋላ ቶልስቶይ ከቤት በራቀበት ጊዜ ልጆቹ በወረቀት ሲጫወቱ ያ ጽሑፍ ተቀዳደደና ጠፋ። እጅግ አዘነ። ፌድካና ሴምካ ግን እንደገና እንጽፈዋለን ብለው ማታ ከክፍሉ ገቡና በሩን ዘጉ፤ ሌሊቱ እስኪጋመስ ጽፈው አወጡት። ታሪኩም በመጽሔቱ ታተመ። ቶልስቶይ በ1862 ዓ.ም. ያሳትመው በነበረው ያስናያ ፖሊያና በተባለው መጽሔት ላይ የገበሬ ልጆች ከእኛ ይማሩ ወይስ እኛ ከነሱ እንማር ብሎ የጻፈው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

እዚህ ላይ ፍርዳችንን ልንደብቅ አንፈልግም። ቶልስቶይ በነገሩ ሁሉ ወደ ዳር የሚሄድ ሰው ነበር። ፌድካን ከታላላቅ ደራሲያን ጋር ማስተካከሉ ማጋነን ነው። ነጻነቱም ቢሆን ያማረው ክፍል ውስጥ የቆመው ቶልስቶይ ስለነበረ ነው፤ ያን ሥርዓት ተራ አስተማሪ፥ ስድሳና ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል፥ እንዳለ ቢወስደው ሁከት ብቻ ያተርፋል። ቼርኒሼቭስኪ የተባለው ኀያሲ በዚያን ጊዜ መጽሔቱን ክፉኛ ተችቶታል። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ በኋላም አንድ የማይካድ ነገር ይቀራል። መምህሩ ራሱ ጻፍ ሲባል መጻፉ፥ ጽሑፉም ሲታረም አለመቆጣቱ፥ ልጆቹ የተነበበው ነገር የሚነካና የሚለወጥ፥ ክርክር የሚችል የሰው ሥራ መሆኑን በዐይናቸው አዩ። ከዚያ ወዲያ ስለ ማንኛውም መጽሐፍ የሚሰማቸውን ለመናገር የሚፈሩበት ምክንያት አልነበራቸውም። ለዚህ ደግሞ ርስትና ጉልት አያስፈልግም።

የመንግሥት ሰዎች ግን እንዲህ አላዩትም። በትምህርት ቤቶቹ ከሚያስተምሩት መካከል በሁከት ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ የተባረሩ ወጣቶች ስለነበሩ ቶልስቶይ ተጠረጠረ። በ1862 ዓ.ም. በጁላይ ወር፥ እሱ የፈረስ ወተት እየጠጣ ሊታከም ወደ ሳማራ ሄዶ ሳለ፥ ፖሊሶች ያስናያ ፖሊያናን ወርረው ሁለት ቀን ሙሉ በረበሩት። የተደበቀ ማተሚያ መኪና ፍለጋ ኩሬውን ሳይቀር ፈተሹ፤ ደብዳቤዎቹንና የቀን ማስታወሻዎቹን አነበቡ። የተገኘ ነገር የለም። ቶልስቶይ ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ ጻፈ። ገበሬዎቹ የሚያምኑት ሰው በፖሊስ ሲበረበር ካዩ በኋላ ግን ሥራው እንደቀድሞው ሊሆን አልቻለም። በዚያው ዓመት ሶፍያ ቤርስን አገባ፤ ትምህርት ቤቱም ቀስ በቀስ ተዘጋ። ለአንድ የገበሬ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደነበረ መገመት አያዳግትም። አንድ ጌታ መጥቶ ዐይናቸውን ከፈተላቸው፤ ከዚያም ወደ ሌላ ሥራው ሄደ።

ጦርነትና ሰላም በ1869 ዓ.ም. ተፈጸመ። ቶልስቶይ ከዚህ በኋላ የተመለሰው ወደ ፊደል መጽሐፍ ነው። ግሪክኛ ተማረ፤ የኤዞጵን ተረቶች ከምንጫቸው አነበበ፤ የሕንድን፥ የዐረብን ተረቶች፥ የሩሲያን ታሪኮች ሰበሰበ። ፊዚክስና ሥነ ፍጥረትም ሳይቀር ለሕፃናት በሚገባ አጫጭር ታሪክ ጻፈ። አንዱን ታሪክ ደጋግሞ ይጽፋል፤ ቃል ይቀንሳል፤ ቅጽል ይፍቃል። አዝቡካ የተባለው ይህ መጽሐፍ በ1872 ዓ.ም. ታተመ። የካውካስ እስረኛ የተባለው ዝነኛ ታሪክም ከዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። በዚያው ዓመት ከሚስቱና ከታላላቆቹ ልጆቹ ጋር በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ ሠላሳ አምስት ያህል የመንደር ልጆች ያስተምር ነበር።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከኤዞጵ በተወሰዱት ተረቶች ላይ አንድ የጐደለ ነገር አለ። በየተረቱ መጨረሻ ይጻፍ የነበረው ምክር ወጥቷል። ቀበሮዋ፥ አንበሳው፥ አህያው የሚሠሩትን ሠርተው ታሪኩ እዚያው ላይ ይቆማል። ፍርዱን መስጠት የልጁ ፈንታ ሆነ። ፕለም ሰርቆ ስለ በላው ልጅ በተጻፈችው አጭር ታሪክም አባትየው ፍሬው ውስጥ ያለውን አጥንት የዋጠ ይሞታል ሲል ልጁ ደንግጦ አጥንቱን በመስኮት ወረወርሁት ይላል፤ ሁሉም ይሥቃሉ፤ ልጁ ያለቅሳል፤ አለቀ። መስረቅ ክፉ ነው የሚል አንድ ቃል የለበትም። ልጁ መሰረቁ ነው የከፋው ወይስ በሰው ፊት መሣቂያ መሆኑ? አባትየውስ አደረገው መልካም ነው? በዚህች በጥቂት መስመር ላይ አንድ ክፍል ልጆች ግማሽ ሰዓት ሊከራከሩ ይችላሉ፤ አስተማሪው ከዝምታ ጋር ከታገሠ።

አዝቡካ በመጀመሪያ አልተወደደለትም። ብዙዎች ተቹት፤ የንባብ ማስተማሪያ ዘዴውንም አጣጣሉበት። በ1874 ዓ.ም. በሞስኮ የማንበብና የመጻፍ ጉባኤ ፊት ክርክር ተደርጎ፥ በእሱ ዘዴና በሌላው ዘዴ ሁለት ክፍል ልጆች ለጥቂት ሳምንት ተምረው እንዲወዳደሩ ተደረገ፤ ዳኞቹ ግን አንድ ፍርድ ላይ አልተስማሙም። ቶልስቶይ አና ካሬኒናን ጀምሮት ሳለ ለጊዜው ወደ ጎን ትቶ መጽሐፉን እንደገና ጻፈው። በ1875 ዓ.ም. የወጡት አዲሱ አዝቡካና አራቱ የንባብ መጻሕፍት በትምህርት ሚኒስቴር ተፈቀዱ፤ እሱ በሕይወት ሳለ አዲሱ አዝቡካ ከሃያ ጊዜ በላይ ታትሟል። ሕፃኑ ፊሊፖክ ብቻውን ትምህርት ቤት የሄደበትን ታሪክ ሳያነብ ያደገ የሩሲያ ልጅ ጥቂት ነው።

በሽምግልናው ዘመን ዓለም ሁሉ ያስናያ ፖሊያናን እንደ ገዳም ሲሳለመው፥ በ1907 ዓ.ም. የመንደሩን ልጆች እንደገና ማታ ማታ እየሰበሰበ የወንጌልን ታሪክ ይተርክላቸው ነበር። እንደ ድሮው ልጆቹ መልሰው ሲነግሩት ያዳምጣል፤ ያልገባቸውንም ቃል ከጽሑፉ ያወጣል። በሚከተለው ዓመት ይህ ሥራው ለሕፃናት የተጻፈ የክርስቶስ ትምህርት ተብሎ ታተመ። ኖቬምበር 20 ቀን 1910 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ ሲጓዝ አስታፖቮ በተባለ የባቡር ጣቢያ ዐረፈ። አስከሬኑ ወደ ያስናያ ፖሊያና ተመልሶ በልጅነቱ ከወንድሞቹ ጋር በተጫወተበት ጫካ ተቀበረ።

በ1917 ዓ.ም. ደግሞ ስለዚያ ትምህርት ቤት የሚተርክ አንድ የማስታወሻ መጽሐፍ ታተመ። ጸሐፊው ሊቅ ወይም መኰንን አልነበረም፤ ቫሲሊ ሞሮዞቭ የሚባል የያስናያ ፖሊያና ገበሬ ነው። ቶልስቶይ በጽሑፎቹ ፌድካ እያለ የሚጠራው፥ በዚያ የክረምት ማታ ሁለት ጣቶቹን ይዞ የሄደው ልጅ እሱ ነበር።